ከ9ኛ ክፍል በፊት፦ በጅማ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንዴት እናወዳድር

የ8ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ማግሥት ጅማ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል፤ «ልጁን የት እናስገባው?» የመርካቶው ነጋዴ፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ፣ ከዴዶ ወይም ከሰቃ ቡናውን ይዞ የመጣው ገበሬ ሁሉም ይህንኑ ይጠያየቃሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ያልቃል፤ «እነ እገሌ ዘንድሮ ይህን ያህል በመቶ አሳለፉ» ይባላል። በዚህ ከተማ በመምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ብዙ ወላጆች በዚህች ቁጥር ብቻ ወስነው ልጃቸውን ሲያዛውሩ፣ ዓመት ሳይሞላም መልቀቂያ ለመጠየቅ ሲመለሱ አይቻለሁ። ቁጥሯ ሐሰት ስለሆነች አይደለም የተሳሳቱት። ትምህርት ቤቱ ማንን ተቀብሎ፣ ማንን አስቀርቶ፣ ማንን ለፈተና እንዳስቀመጠ ሳይጠይቁ ስለወሰዷት ነው።

ይህ ጽሑፍ የአንድንም ትምህርት ቤት ስም እየጠራ ደረጃ አይሰጥም። አንድ ጎበዝ ርዕሰ መምህር ሲዛወር ወይም ሁለት የሒሳብ መምህራን በአንድ ክረምት ሲለቁ የትምህርት ቤት ሁኔታ በዓመት ውስጥ ይገለበጣልና፣ ዛሬ የሚነገር ደረጃ ለከርሞ ላይሠራ ይችላል። መመዘኛዎቹ ግን አይለወጡም። ስለዚህ አስቀድሜ መመዘኛዎቹን አስቀምጣለሁ፤ ቀጥሎም አንድ የጅማና የአካባቢዋ ቤተሰብ ያሉትን አምስት ዓይነት አማራጮች በእነዚያው እያየሁ እሄዳለሁ።

«ስንት አሳለፈ?» የሚለው ጥያቄ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ውጤት አሁን ካለው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ኩረጃው ውጤቱን ያሳብጠው እንደነበር እኛ መምህራን በሚገባ እናውቀዋለን። ተማሪዎች ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ግቢ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ እውነተኛው መልክ ታየ። በጥቅምት 2015 ከተፈተኑት የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በሀገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አንድ ወላጅ «ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ከመቶ 10 ብቻ ነው ያሳለፈው» ብሎ ሲያማርር፣ ያ ትምህርት ቤት ከሀገሪቱ አማካይ በላይ መሆኑን ማንም አልነገረውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የትምህርት መስኩ ነው። በዚያው በጥቅምት 2015 ፈተና ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 በመቶ ሲያልፉ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል ቢያስተምሩም፣ አንዱ አብዛኞቹን ተማሪዎቹን በተፈጥሮ ሳይንስ ሌላው በማኅበራዊ ሳይንስ ካስፈተነ አጠቃላይ መቶኛቸው ተራርቆ ይታያል። መቶኛ ሲነገራችሁ «በየትኛው መስክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ መቶኛው ከምን ያህል ሰው ላይ እንደተሰላ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለምሳሌ ያህል እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኋቸው ናቸው። «ሀ» የተባለው 40 ተማሪዎችን አስፈትኖ 24 አሳለፈ፤ 60 በመቶ ነው። «ለ» የተባለው 500 አስፈትኖ 45 አሳለፈ፤ 9 በመቶ ነው። ወሬው ሁሉ ስለ «ሀ» ይሆናል። ነገር ግን «ሀ» ሲመዘግብ ከ8ኛ ክፍል ከ85 በላይ ያላመጣ ተማሪ አይቀበልም። «ለ» የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይቀበላል፤ ከ500ዎቹ መካከል ከ85 በላይ ይዘው የገቡት 60 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህ 60ዎቹ 36ቱ አለፉ። ይህም 60 በመቶ ነው። የእናንተ ልጅ ከ85 በላይ ያመጣ ከሆነ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ለእርሱ እኩል ናቸው ማለት ነው። በዚያ ላይ «ለ» ዝቅተኛ ውጤት ይዘው ከገቡት 9 ልጆችን አሳልፏል፤ «ሀ» እንደነዚህ ያሉ ልጆችን በር ላይ ስለመለሰ ሊያሳልፋቸው አይችልም ነበር።

ከ«ሀ» ጋር በተያያዘ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። እነዚያ 40 ተፈታኞች ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ነበሩ? 90 ከነበሩ 50ዎቹ የት ሄዱ? ደካማ የተባሉትን በ10ኛና በ11ኛ ክፍል «ሌላ ቦታ ፈልጉ» እያለ የሚያሰናብት ትምህርት ቤት የማሳለፍ መቶኛው ማማሩ አይቀርም። የተሰናበቱት ልጆች በሌላ ትምህርት ቤት ስም ተፈትነው የዚያን መቶኛ ያወርዱታል። ስለዚህ ሒሳቡን ከ9ኛ ክፍል መዝገብ ጀምሩ፤ ገብተው ከነበሩት ስንቶቹ 12ኛ ክፍል ደረሱ፣ ከደረሱትስ ስንቶቹ አለፉ?

ማን ነው የሚማርበት?

የተማሪዎችን ስብጥር ማወቅ ብዙ ወላጅ ንቀት ወይም ወገንተኝነት ይመስለዋል። እኔ የማነሣው ልጆችን ከልጆች ለማበላለጥ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ለተቀበላቸው ልጆች የተዘጋጀ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ስለሆነ ነው።

ጅማ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ሴክሽን ገብታችሁ ብታዩ፣ አባቱ ሱቅ ያለው፣ እናቷ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች፣ ከትምህርት በኋላ ባጃጅ ላይ የሚሠራ፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ሁሉ በአንድ ዴስክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ከእነዚህ መካከል የተከራዮቹ ሕይወት እምብዛም አይወራም። እሑድ ማታ ከሰርቦ፣ ከዴዶ፣ ከይቡ መስመር ከሚመጡት ሚኒባሶች የሳምንት ስንቃቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ይወርዳሉ፤ የበቆሎ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ለሁለት ቀን የሚበቃ ቂጣ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ከዚያ ያጠናሉ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የሒሳብ ደብተሯ ጠርዝ ሁልጊዜ ጥቀርሻ ነበረበት። ጠጋ ብዬ ስጠይቃት ሽሮው እስኪበስል ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንደምትሠራ ነገረችኝ። ፊዚክስ ላይ ከክፍሉ ቀዳሚ ነበረች፤ ሰኞ ጠዋት ግን ብዙ ጊዜ ትቀር ነበር፤ ምክንያቱም እሑድ ማታ መኪና ሲጠፋ የምትገባው ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ይህን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ፈተና ሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ አያስቀምጥም።

ቡናም እንዲሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ለቀማው ሲደርስ ከገጠር የሚመጡት ልጆች መቅረታቸው የታወቀ ነው፤ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ በእነዚያ ሳምንታት ይወሰናልና ልጁን «አትቅር» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። ይህ ወቅት የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መሃል ነው። አንዱ ትምህርት ቤት የቀሩትን በቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ያካክሳል፤ ሌላው ቀሪ ቆጥሮ ስም ይሰርዛል። ልጃችሁ ለቀማ የሚወርድ ከሆነ፣ ከማሳለፍ መቶኛው ይልቅ ይህ ልዩነት ለእርሱ ይበልጥበታል።

የቋንቋውን ጉዳይ ደግሞ ለይቼ ላንሳው። በከተማችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ልጆችና በአማርኛ የተማሩ ልጆች 9ኛ ክፍል ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱንም የሚጠብቃቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። 8ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂን በሚገባ የሚያውቀው ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ ጥያቄውን ማንበብ ያቅተዋል፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ሲመጣ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ «ልጁ ሰነፈ» ይባላል። ከዚህ የተነሣ አንድን ትምህርት ቤት ስታዩ «ለ9ኛ ክፍል አዲስ ገቢዎች የእንግሊዝኛ ድጋፍ አላችሁ ወይ? መምህራኑ አስቸጋሪ ቃል ሲገጥም በሁለቱም ቋንቋ ያስረዳሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በመስከረምና በጥቅምት በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጥ የቋንቋ ማጠናከሪያ ብዙ ልጆችን ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሴት ተማሪዎችን ቁጥር በክፍል ደረጃ ጠይቁ። 9ኛ ክፍል ላይ ግማሽ ያህል ሆነው 12ኛ ላይ ሩብ ከሆኑ፣ በመካከል የሆነ ነገር አለ። ምናልባት መንገዱ ረጅምና አስፈሪ ነው፤ ምናልባት መጸዳጃ ቤቱ በር የለውም፤ ምናልባት የከሰዓቱ ፈረቃ ሲያበቃ ይመሻል። በሀገር ደረጃ ብሔራዊውን ፈተና ከሚያልፉት የሚበዙት ወንዶች መሆናቸው የሚታወቅ ስለሆነ፣ ሴት ልጅ ያለው ወላጅ አጠቃላዩን መቶኛ ትቶ ካለፉት መካከል ስንቶቹ ሴቶች እንደነበሩ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የቀሩት መመዘኛዎች ባጭሩ

ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መመዘኛ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። ከ60 በላይ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል አስተምሬያለሁ፤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የእያንዳንዱን ደብተር ማየት አይቻልም፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ስሙ ሳይጠራ መንፈቅ ዓመት ያልፋል። የፈረቃውንም ነገር ጠይቁ፤ ሙሉ ቀን ነው ወይስ ግማሽ ቀን? ግማሽ ቀን ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ለሌላው ፈረቃ ተማሪ ክፍት ነው?

መምህራንን በሚመለከት በዲግሪ ደረጃቸው ላይ ብዙ አትድከሙ። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህራን በመስከረም መጨረሻ ተሟልተው እንደሆነ፣ አምና በመሃል የለቀቀ መምህር ካለም ስንት ሳምንት ያለ ምትክ እንደቆየ ጠይቁ። አንድ ክፍል ስድስት ሳምንት ያለ ፊዚክስ መምህር ከቆየ ያ ክፍተት እስከ 12ኛ ክፍል ይከተለዋል።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ፣ በ8ኛው ፈተናና በ12ኛው መካከል ባሉት አራት ዓመታት ወላጅ በእጁ የሚይዘው የትምህርት ቤቱን ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ የሚሰጠው ነጥብ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ በአንዱ 90 የሆነው በሌላው 70 ሊሆን ይችላል። ይህንን የምታረጋግጡበት አንድ መንገድ አለ። ትምህርት ቤቱ 12ኛ ክፍል ላይ የሚሰጠው የሞዴል ፈተና ውጤት፣ የካርዱ ነጥብና ብሔራዊው ውጤት ምን ያህል ይቀራረባሉ? በካርድ 85 ያላቸው ተማሪዎቹ በብሔራዊው ፈተና 35 እያመጡ ከሆነ፣ ነጥቡ ያለአግባብ ሲታደል ኖሯል።

የኢንስፔክሽን ደረጃም አለ። ትምህርት ቤቶች በግብአት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ 3 ማለት ከ70 በመቶ በላይ፣ 4 ማለት ከ90 በመቶ በላይ ነው። በሀገሪቱ አብዛኞቹ በ1ና በ2 ላይ ስለሚገኙ ደረጃ 2 መሆኑ ብቻውን ሊያስደነግጣችሁ አይገባም፤ ካለፈው ምዘና ወዲህ ወደ ላይ እየሄደ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለው ይበልጥ ይናገራል።

አምስቱ አማራጮች

*የመሃል ከተማው ነባር ትምህርት ቤት።* ብርታቱ ልምድ ነው። ለዓመታት 12ኛ ክፍልን ያስፈተኑ መምህራን አሉት፤ ሁለቱም የትምህርት መስኮች በሙሉ ይሰጡበታል፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። የተማሪው ስብጥርም ከሁሉ የሰፋ ነው፤ የከተማው ልጅና የገጠሩ ልጅ፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው አብረው ይማራሉ፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። ድካሙ ብዛት ነው። በብዛቱ ውስጥ መካከለኛው ልጅ ይጠፋል፤ ጎበዙ ይታወቃል፣ ረባሹም ይታወቃል፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ግን ማንም አያውቀውም።

እዚህ ላይ ወላጅ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ሴክሽኖቹ የሚደለደሉት እንዴት ነው? በአንዳንድ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ልጆች በአንድ ሴክሽን ተሰብስበው ምርጦቹ መምህራን ይመደቡላቸዋል፤ ያ ትምህርት ቤት የሚመካበት ውጤትም ከዚያው አንድ ክፍል ይመጣል። ልጃችሁ እዚያ ክፍል የሚደርሰው ከሆነ መልካም ነው፤ የማይደርሰው ከሆነ ግን የምትመርጡት የሌላውን ክፍል ትምህርት መሆኑን እወቁ።

*የዳር ሰፈሩ አዲስ ትምህርት ቤት።* ተማሪው ትንሽ ነው፤ ልጁ በእግሩ ይደርሳል፤ መምህሩ የልጁን እናት በስሟ ያውቃታል። በክረምት የጅማ ዝናብ ከመስከረምም ስለሚያልፍ የመንገዱ ማጠር ቀላል ነገር አይደለም፤ በጭቃ አንድ ሰዓት የተጓዘ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ደርቆ አይከታተልም። በሌላ በኩል መምህራኑ አዲስ ተመዳቢዎች ሊሆኑና ቶሎ ቶሎ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ቤተ ሙከራው ክፍል ኖሮት ዕቃ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም 11ኛና 12ኛ ክፍል ገና ስላልከፈተ ልጁ በመሃል መዛወር ይኖርበታል።

የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት መቶኛ ሲነበብ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 30 ተፈታኝ ባለበት አንድ ልጅ ማለት 3.3 በመቶ ነው። አምና ሁለት ልጆች ዘንድሮ አራት ቢያልፉ «እጥፍ አደገ» ይባላል፤ ከርሞ አንድ ቢያልፍ «ወደቀ» ይባላል፤ በትምህርቱ ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል። የሦስት ዓመት ውጤት ደምራችሁ ለሦስት ዓመት ተፈታኝ ብታካፍሉ ወደ እውነቱ ትቀርባላችሁ።

*ልዩና አዳሪ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች።* በ8ኛ ክፍል ውጤትና በመግቢያ ፈተና የሚቀበሉ ናቸው። ውጤታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ይህም አያስገርምም፤ ሲጀመር የተቀበሉት ከየአካባቢው አንደኛ የወጡትን ልጆች ነው፣ ልጆቹም ምግባቸው ተዘጋጅቶ፣ መብራትና የጥናት ሰዓት ተመድቦላቸው ሙሉ ጊዜያቸውን ለትምህርት ያውላሉ። ያቺ ከምድጃ አጠገብ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ እዚህ ብትገባ ኖሮ ምን ትሆን ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ለድሃ ቤተሰብ ጎበዝ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም። ሊታሰብበት የሚገባው የልጁ ጠባይ ነው፤ በሰፈሩ ሁልጊዜ አንደኛ የነበረ ልጅ እዚያ ሃያኛ ሲሆን፣ ያውም በ14 ዓመቱ ከቤት ርቆ፣ አንዳንዱ ይበረታል፣ አንዳንዱ ይሰበራል። ክልሉ በቅርብ ዓመታት «ኢፋ ቦሩ» በሚል ስም ትምህርት ቤቶች ስለሠራም፣ በአቅራቢያችሁ ያለው በፈተና የሚመርጥ መሆኑን ወይም የአካባቢውን ልጅ የሚቀበል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሕንፃው አዲስ መሆኑ ብቻ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

*የወረዳ ከተማው ትምህርት ቤት።* ይህ ለገጠር ቤተሰብ የቀረበ አማራጭ ነው፤ ብዙዎች ግን «ጅማ ካልተማረ አይሆንም» እያሉ ይተዉታል። አንድ የቡና ገበሬ አባት ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው «መምህር፣ ጅማ ቢማር ነው ሰው የሚሆነው» ሲሉኝ፣ «የት ያድራል፣ ማን ያበስልለታል፣ አባባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። ከቤቱ እየበላ፣ እናቱ እያየችው፣ 45 ልጆች ባሉበት ክፍል የሚማር ተማሪ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ተከራይቶ 65 ልጆች ባሉበት ክፍል ከሚማረው ሊበልጥ ይችላል። የወረዳው ትምህርት ቤት የሚጎድለው መጻሕፍት፣ የተሟላ መምህርና ቤተ ሙከራ ነው፤ ስለዚህ 9ኛና 10ኛን ከቤት፣ 11ኛና 12ኛን ልጁ ጠንከር ሲል ጅማ ማስተማር ብዙ ቤተሰብ ያላሰበው መካከለኛ መንገድ ነው።

*የግል ትምህርት ቤት።* ለማወዳደሪያ ያህል አነሣዋለሁ። የክፍሉ ተማሪ ያንሳል፣ ክትትሉ ይበረታል፤ የሚማሩበትም በአብዛኛው መክፈል የሚችሉ የከተማ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹም ቤት ውስጥ አስጠኚ አላቸው። ከፍ ያለ መቶኛ ሲያሳዩ ትምህርት ቤቱ ያስገኘው የቱ፣ ቤተሰቡ ያስገኘው የቱ እንደሆነ ለመለየት የ9ኛ ክፍል መዝገቡን ጥያቄ እዚህ ላይ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

| መመዘኛ | የመሃል ከተማ ነባር | የዳር ሰፈር አዲስ | ልዩና አዳሪ | የወረዳ ከተማ | የግል |
|---|---|---|---|---|---|
| የሚቀበለው | ሁሉንም፤ ስብጥሩ ሰፊ | የሰፈሩን ልጅ | በውጤትና በፈተና የተመረጡትን | የገጠርና የከተማዋን ልጅ | መክፈል የሚችለውን |
| መቶኛው ሲነበብ | በሴክሽንና በመስክ ተለይቶ | የሦስት ዓመት ድምር | ከምርጫው ጋር | የሦስት ዓመት ድምር | ከ9ኛ ክፍል መዝገብ ጋር |
| የክፍል ብዛት | ብዙ | አነስተኛ እስከ መካከለኛ | የተወሰነ | ይለያያል | አነስተኛ |
| መምህራን | ልምድ ያላቸው | አዲስ፣ ተዘዋዋሪ | በአመዛኙ የተመረጡ | እጥረት ያጋጥማል | ክትትል የበረታ፣ ለውጥ ብዙ |
| የቤተሰብ ወጪ | ለከተማ ልጅ ዝቅተኛ፤ ለተከራይ ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ | ጉዞና የግል ዕቃ | በጣም ዝቅተኛ | የወር ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ትራንስፖርት |
| ዋናው ስጋት | መካከለኛው ልጅ መጥፋቱ | የመምህር መለዋወጥ | ጫናና ናፍቆት | የመጻሕፍትና የቤተ ሙከራ ጉድለት | ደካማውን ማሰናበት |

ለማን የትኛው?

ልጃችሁ ከ8ኛ ክፍል ከፍተኛ ውጤት ይዞ፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ልዩና አዳሪውን ሞክሩ፤ ፈተናው ባይሳካ ግን ሁለተኛ ምርጫችሁን ከወዲሁ ያዙ፤ ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ሩጫ ለልጁ የውድቀት ስሜት ይተውበታል። ከፍተኛ ውጤት ኖሮት ከቤት መራቅ የሚከብደው ልጅ ከሆነ ነባሩ የመሃል ከተማ ትምህርት ቤት ይበቃዋል፤ ከላይ በምሳሌው እንዳየነው እንዲህ ያለ ልጅ በሁለቱም ቦታ እኩል ሊያልፍ ይችላል።

መካከለኛ ውጤት ላለው፣ በተለይ ዝምተኛ ለሆነ ልጅ የዳር ሰፈሩን አነስተኛ ትምህርት ቤት አስቀድማለሁ፤ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራኑ የተሟሉ ከሆነ ማለት ነው። ካልተሟሉ ይህን ምክሬን ተዉት። በእንግሊዝኛ ደከም ያለ ልጅ የቋንቋ ማጠናከሪያ ወዳለበት ይሂድ፤ ትምህርት ቤቱ የትኛውም ይሁን።

ለሴት ልጅ መንገዱን ራሳችሁ በእግራችሁ ሂዱበት፤ በጠዋት ሳይሆን የከሰዓቱ ፈረቃ በሚያበቃበት ሰዓት። ለወር ክፍያ በጀት ላላችሁ ወላጆች ደግሞ አንድ ስሌት አስቀምጣለሁ። የግል ትምህርት ቤቱን የዓመት ክፍያ፣ መጽሐፍና ትራንስፖርት ደምሩ፤ ከዚያ የዚያን ሩብ ብቻ አውጥታችሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ መጻሕፍትና በሁለት የትምህርት ዓይነት ጥሩ አስጠኚ ብታሟሉለት ምን እንደሚሆን አስቡ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ልጁን ማታ ማታ የሚከታተለው ሰው ከሌለ ግን የግሉ ክትትል ዋጋ አለው።

ስትጎበኙ

ከመወሰናችሁ በፊት በትምህርት ቀን፣ በተለይ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሂዱ። አራት ነገር ጠይቁ፤ የ9ኛ ክፍል የምዝገባ ቁጥርና ከአራት ዓመት በኋላ የተፈተኑት ብዛት፣ በመስክና በጾታ የተለየ ውጤት፣ የሴክሽን አደላደል፣ በለቀማ ወራት ለሚቀሩ ተማሪዎች ያለው አሠራር። የወላጅ መምህር ኅብረቱን አባል ማግኘት ከቻላችሁ ከርዕሰ መምህሩ የማትሰሙትን ከእርሱ ትሰማላችሁ።

ከዚያ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። አንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ይህን ስጠይቅ ቁልፉን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በሩ ሲከፈት ማይክሮስኮፖቹ በፕላስቲካቸው እንደተጠቀለሉ፣ አቧራው ላያቸው ላይ ተኝቶ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የተግባር ትምህርት ፕሮግራም የሁለት ዓመት በፊቱ ነበር። በሌላ ትምህርት ቤት ዕቃው የዚህን ግማሽ አያክልም፤ ሦስት ቢከርና አንድ የተሰነጠቀ ቴርሞሜትር ነበር፤ መምህሩ ግን ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይም ጠዋት የሠሩበት ውኃ ገና አልደረቀም። እኔ ልጄን ወደ ሁለተኛው እሰዳለሁ።

ልጁ ተከራይቶ የሚማር ከሆነ ደግሞ ምዝገባው ከማለቁ በፊት ማደሪያውን አስተካክሉ። አከራይዋን አግኟት፣ ስልኳን ያዙ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር እወቁ፣ ማታ የሚያጠናበት መብራት መኖሩን እዩ፤ ለክፍል ኃላፊ መምህሩም ልጁ ተከራይ መሆኑንና እሑድ ማታ ከየት መስመር እንደሚመጣ ንገሩት።